ህክምናው አለቀ፣ ሁሉም "ተኚ እረፊ" ይለኛል፣ ልቤ ግን አላረፈም። መራመድ ይረዳል? (ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ)

የሰኞ ገበያዋ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አንባቢ ነኝ እንጂ ፅፌ አላውቅም፣ ዛሬ ሌሊቱ አልነጋ ሲለኝ በቃ ልፃፈው አልኩ። የጡት ካንሰር ነበረብኝ በቀኝ በኩል። ኦፕራሲዮን ተሰራሁ፣ ኬሞ ወሰድኩ፣ ጨረሩን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተቀምጬ ጨረስኩ፣ አሁን ታሞክሲፈን (ካንሰሩ እንዳይመለስ ሚሰጥ ኪኒን) ነው ምውጠው። ስመለስ ሰፈሩ በእልልታ ተቀበለኝ፣ በግ ታረደ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት እኩል አልቅሶ እኩል ሳቀ፣ ወሎ አይደል። ከዛ ሁሉም ወደየስራው ሄደና እኔ ቤት ቀረሁ።

ሰው ሁሉ "አልሀምዱሊላህ ዳንሽ" ይለኛል እኔ ግን ኬሞ ላይ እያለሁ ያልመጣ ለቅሶ አሁን ነው የመጣብኝ። ያኔ ቀጠሮ አለ መርፌ አለ ሰው ይገባል ይወጣል፣ ለማልቀስም ጊዜ አልነበረም መሰለኝ። አሁን እናቴ መጥረጊያ እንኳን አታስነካኝም፣ "ሰውነትሽ ገና ነው ጋደም በይ" ነው። ጋደም እላለሁ፣ ስነሳ ደግሞ ከመተኛቴ በፊት ከነበረው ብሶ ይደክመኛል። ነርሷ ስትሸኘኝ "እንቅስቃሴ አድርጊ" ብላኝ ነበር ግን ምን አይነት፣ ምን ያህል፣ አልነገረችኝም እኔም አልጠየኳት። ባለፈው ብቻዬን ወጥቼ ዳገቱን ስጀምረው ልቤ ድው ድው ሲል ፈርቼ ተመለስኩ፣ ለማንም አልተናገርኩም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። መራመዱ ለሰውነት ነው ወይስ እንዲህ ለሚያስለቅስ ነገርም ይረዳል? ደግሞ የቀኝ እጄ አንዳንዴ ይከብደኛል፣ በሱ እቃ ባነሳ ያብጣል ይሉኛል፣ እውነት ነው? ያለፈበት ሰው ካለ ይመልስልኝ።

ቦርከና ማዶ

አብሽሪ እህቴ። ለቅሶው እኔም ላይ ህክምናው ካለቀ በኋላ ነው የመጣው፣ ብቻሽን አይደለሽም። ሌላውን ሚያውቁት ይመልሱልሽ።

ፊዚዮ ነኝ ደሴ

ሰላም @የሰኞ ገበያዋ፣ እንኳን አላህ ለዚህ አበቃሽ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ሳላይሽ ስለማወራ ያንቺን ሐኪም ቦታ አልይዝም፣ ግን ጥያቄሽ በየጊዜው ከታካሚ ምሰማው ስለሆነ በደንብ ልመልሰው።

መጀመሪያ ስለ ድካሙ። ከካንሰር ህክምና በኋላ ሚመጣው ድካም ስራ ውለሽ እንደሚደክምሽ አይነት አይደለም፣ እሱ በእንቅልፍ ይወጣል ይሄኛው አይወጣም። ተኝተሽ ስትነሺ የባሰብሽ ለዛ ነው። ጡንቻ ካልሰራ በሳምንታት ውስጥ ይሟሽሻል፣ ልብና ሳንባም አቅም ያጣሉ፣ ከዛ ትንሿ ነገር ሁሉ ታደክምሻለች፣ ስለደከመሽ ደግሞ ትተኛለሽ። ለዚህ ድካም እስካሁን ከተሞከሩት ነገሮች ውስጥ ጥሩ ማስረጃ ካላቸው አንዱ እንቅስቃሴ ነው፣ ለእናትሽ ማስረዳት ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። እናቶቻችን ለታመመ ሰው ሚያውቁት መድሃኒት ሾርባና ፍራሽ ነው፣ ከፍቅር ነው።

ስለ ልብሽ ላልሽው። በ2018 ከብዙ ሀገር የመጡ ባለሙያዎች በአሜሪካ ስፖርት ህክምና ኮሌጅ ጥሪ ተሰብስበው እስከዛ የተጠናውን ሁሉ ገምግመው በ2019 ያወጡት ምክር አለ (የፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ጭንቀትም ድብርትም ድካምም ላይ ለውጥ የታየው በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ገደማ፣ መካከለኛ ጉልበት በሚጠይቅ እንቅስቃሴ፣ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሲቀጥል ነው ይላል። ፈጣን እርምጃ እዚህ ውስጥ ይገባል። ክብደት ማንሳት ብቻውን ጭንቀትና ድብርት ላይ ያን ያህል አልታየለትም፣ ከእርምጃ ጋር ሲሆን ነው። ስለዚህ አዎ፣ ለሚያስለቅሰውም ይረዳል። ግን 8 ሳምንት ያልኩትን ልብ በይ፣ ሶስት ቀን ወጥተሽ "ምንም የለውም" እንዳትይኝ።

መካከለኛ ማለት ምንድን ነው? እየሄድሽ ማውራት ትችያለሽ፣ መዝፈን ግን አትችይም። መንዙማ ማለት ከቻልሽ ቀስ ብለሻል፣ ሁለት ቃል ተናግረሽ አየር ካጠረሽ አብዝተሻል። ደሴ ላይ ችግሩ ከተማዋ ራሷ ናት፣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፣ ከቤት ስትወጪ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት ነው። ከኬሞ ለወጣ ሰው የጦሳ ተራራን አቅጣጫ መጀመሪያ ቀን መሞከር ጀግንነት አይደለም። ልብሽ ድው ድው ማለቱ ከዳገቱም ከአቅም ማነስም ሊሆን ይችላል፣ ግን አንድ ነገር ጠይቂ። ቀዩን ኬሞ፣ ዶክሶሩቢሲን ሚባለውን ወስደሽ ከሆነ እሱ አንዳንድ ሰው ላይ ልብን ሊነካ ስለሚችል ዳገት ከመጀመርሽ በፊት ለሐኪምሽ ንገሪው፣ ደም ማነስም ይታይልሽ። እየሄድሽ ደረትሽን ካመመሽ ወይ ካዞረሽ እዛው አቁሚ። ታሞክሲፈን ላይ ስላለሽ ደግሞ አንድ እግርሽ ብቻ ድንገት ካበጠና ካመመሽ፣ ወይ ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ፣ እሱ በእርምጃ ሚለቅ ነገር አይደለም፣ የዛኑ ቀን ሆስፒታል ነው። ይሄ መድሃኒት የደም መርጋት እድልን ትንሽ ከፍ ስለሚያደርግ ነው።

የእጁን ማታ እመለስበታለሁ ታካሚ እየጠበቀኝ ነው።

ጋሼ ከኮምቦልቻ

እኔ ደግሞ የአንጀት ነው። ጡረታ በወጣሁ ማግስት ነው የመጣልኝ፣ ፋብሪካ ስሰራ አንድ ቀን ሲክ ሊቭ ወስጄ የማላውቅ ሰውዬ። ቀዶ ጥገና፣ ከዛ ኬሞ፣ በመሀል ሆዴ ላይ ሰገራ ሚሰበሰብበት ከረጢት ነበረኝ በኋላ ተዘጋልኝ። ስለ ከረጢቱ ማንም አያወራም እኔ ላውራ፣ ከሰውነት ህመሙ በላይ እሱ ነው ከሰው የለየኝ። ሰላምታ ላይ ሰው ሲያቅፈኝ ይፈነዳል፣ ይሸታል እያልኩ መስጊድም ለቅሶም መሄድ ተውኩ። ለቅሶ የቀረ ሰው ኮምቦልቻ ውስጥ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

የወጣሁት እንዴት ነው ብትሉ፣ ልጄ ነርስ ናት፣ ሱብሂ ሰግደን ፀሀይ ሳይወጣ በግድ ይዛኝ ወጣች። በዛ ሰዓት ሰው የለም፣ ብርዱም ለስላሳ ነው፣ አስፋልቱ ዳር ዳሩን ያገኘነው የወተት ጀሪካን የጫነች አህያና ባለቤቷን ነው። እስከ መብራት ፖሉ፣ በሚቀጥለው እስከ ድልድዩ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ነው የረዘመው። እኛ ጋ ከረፋዱ በኋላ ፀሀዩ አይቻልም ደሴዎች በብርድ ስትንቀጠቀጡ እኛ ላብ በላብ ነን፣ ስለዚህ ቆላ ያላችሁ በጠዋት ውጡ ውሃም ያዙ።

ከረጢት ላላችሁ፣ ወይ ተዘግቶላችሁ ሆዳችሁ ገና ለሆነ፣ ከባድ ነገር ሳይነግሯችሁ እንዳታነሱ። ቁስሉ ጎን ቡአ ሊወጣ ይችላል፣ የኩንታል ወሬ ይቅር። እርምጃ ግን ቀዶ ጥገና የሰራኝም ሐኪም ቶሎ ተነስ ነው ያለኝ።

ጥቁር ሻይ

ይቅርታ ስሜት አበላሽ አትበሉኝና እኔ ሌላ ልበል። የማህፀን በር ካንሰር ነው የነበረብኝ። "ስፖርት ስሪ ይለቅሻል" ሲሉኝ በየቀኑ ሄድኩ። ከፒያሳ ወደ አይጠየፍ፣ ከዛ ወደታች፣ ዝናብ ሲሆን በጃንጥላ። ሰውነቴ በረታ አልዋሽም፣ ደረጃ ስወጣ ማረፍ ቀረ። ውስጤ ግን ያው ነበር። ጠዋት ምነሳበት ምክንያት አጥቼ፣ ምግብ አፈር አፈር እያለኝ፣ ልጄ ስትስቅ ለምን እንደምትስቅ እስከማይገባኝ ድረስ። ሰዎች ደግሞ ስራመድ እያዩኝ "አንቺማ ጠንካራ ነሽ" ይሉኛል። ጠንካራ ነሽ ሲሉሽ በቃ አፍሽን ዘጉት ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ ማልቀስ አትችይም።

መጨረሻ ላይ የአእምሮ ህክምና ክፍል ሄድኩ። ያን ቀን በር ላይ ሻሼን ፊቴ ላይ ሸፍኜ ነው የገባሁት ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ። ድብርት ነው አሉኝ፣ ኪኒን ጀመሩልኝ፣ ቁጭ አድርገውም አናገሩኝ። አሁን ኪኒኑንም እወስዳለሁ እራመዳለሁም፣ እና አሁን ነው እርምጃው ራሱ ምን እንደሚመስል የገባኝ። ስለዚህ እህቴ ሂጂ ውጪ፣ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ምንም ደስ ሚልሽ ነገር ከጠፋ፣ እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካለሽ፣ ኧረ በተለይ "ባልኖርስ" ሚል ሀሳብ ከመጣብሽ፣ እሱን በእግር ጉዞ አታባብዪው። የዛኑ ቀን ለሰው ተናገሪ ሐኪም ጋም ሂጂ። ሁለቱም ባንድ ላይ ይሄዳሉ።

ፊዚዮ ነኝ ደሴ

@ጥቁር ሻይ የፃፍሽው ስሜት አበላሽ አይደለም፣ እኔም ቀድሜ ማለት የነበረብኝ ነው። ጥናቶቹ ሚያሳዩት በአማካይ ድብርትን ይቀንሳል ነው፣ አማካይ ደግሞ አንቺ አይደለሽም። ከበድ ያለ ድብርት ያለበት ሰው ከቤት መውጣቱ ራሱ ስለሚያቅተው መጀመሪያ መታከም ያለበት እሱ ሊሆን ይችላል።

አሁን እጁ። ብብት ስር ያሉት ንፍፊቶች በኦፕራሲዮን ሲወጡ ወይም ጨረር ሲያገኛቸው ከእጅ ሚመለሰው ፈሳሽ መንገዱ ይጠባል፣ ለዛ ነው አንዳንድ ሰው ላይ እጅ ሚያብጠው። ድሮ ለሴቶቹ "በዛ እጅሽ ምንም አታንሺ፣ ልጅም አትያዢ" ነበር ምክሩ፣ አሁንም ብዙ ሰው ይሄንኑ ይደግመዋል። በ2009 በፈረንጅ አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ እጃቸው ያበጠ 141 ሴቶች ላይ ተጠንቶ ወጣ። ግማሾቹ በሳምንት 2 ቀን ክብደት አነሱ፣ ከትንሽ ጀምረው በጣም ቀስ እያሉ፣ መጀመሪያ ላይ አሰልጣኝ አጠገባቸው ቆሞ፣ ሲያነሱም እጅ ላይ ሚጠልቅ ጠበቅ ያለ ስሊቭ አድርገው። እጃቸው ካላነሱት የበለጠ አላበጠም፣ እንደውም እብጠቱ ሚባባስባቸው ጊዜ አነሰ ጉልበታቸውም ጨመረ። ቁልፉ "ቀስ እያሉ" ሚለው ላይ ነው። ነገ ተነስተሽ 20 ሊትር ጀሪካን በቀኝ እጅሽ ከቧንቧ ብትሸከሚ እኔን እንዳትጠሪኝ።

ቤት ውስጥ እንዲህ ጀምሪ። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ በውሃ ሞልተሽ ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ ክርንሽን አጥፈሽ ዘርጊ፣ 10 ጊዜ ያህል፣ አረፍ ብለሽ ድገሚው። ሳምንት ሁለቴ። በማግስቱ እጅሽን እይው፣ ቀለበትሽ ጠበበ? የልብስሽ እጅጌ ያዘሽ? ከበደሽ? ካልሆነ ከሳምንታት በኋላ ውሃውን ጨምሪ። አሁን አንዳንዴ ይከብደኛል ስላልሽ ግን ከመጀመርሽ በፊት ይለካልሽ፣ ሁለቱን እጅ በሜትር ለክቶ ማወዳደር ነው ብዙ ነገር አይደለም። እጁ ከቀላ፣ ከጋለ፣ ትኩሳት ካለሽ፣ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል እንዳታድሪ።

የተፈጥሮ መድሃኒት ደሴ

[መልዕክቱ በአወያይ ተነስቷል]

አወያይ

ካንሰር "ጨርሶ የሚነቅል" ቅጠል እዚህ አይሸጥም፣ በውስጥ መስመርም ሰው አትጥሩ። ቀጥሉ።

ጋሼ ከኮምቦልቻ

ቅጠሉ ሰርቶ ቢሆንማ እኔ አንደኛ ነበርኩ፣ ስንቱን ጠጥቻለሁ 😂

እሙ ሀያት

@የሰኞ ገበያዋ ማንም ያላነሳውን እኔ ላንሳልሽ፣ መቼም ሁላችንም ሴቶች ነን ወንዶቹ እለፉት። እኔም አንዱ ጡቴ ተነስቷል። ለመውጣት ያስቸገረኝ ልብም እግርም አይደለም ደረቴ ነው። ጥጥ ጠቅጥቄ እወጣለሁ፣ ቀለል ስለሚል ስራመድ ሽቅብ ይወጣና አንገቴ ስር ይደርሳል፣ መሀል መንገድ ላይ ቆሜ በነጠላ ተሸፍኜ ወደታች ስጎትት ስንት ጊዜ ሰው አይቶኛል። የውጪው የሲሊኮን ጡት ዋጋው ሚቀመስ አይደለም።

መፍትሄው ምን ሆነ፣ ሰኞ ገበያ በኩል አንድ ልብስ ሰፊ ሴትዮ አለች፣ ጡት ማስያዣዬን ወስጄላት ከውስጥ በኩል በስስ ጥጥ ጨርቅ ኪስ ሰፋችበት። ኪሱ ውስጥ ጥጥ፣ ከጥጡ ስር ደግሞ በትንሽ ከረጢት የተሰፋ ምስር፣ ክብደት እንዲኖረው። ያኛውን ጡት በእጄ እየመዘንኩ ነው ምስሩን የጨመርኩት። አሁን ንቅንቅ አይልም ትከሻዬም ወደ አንድ ጎን መዝመሙ ቀረ። ባሌ "ዝናብ እንዳይመታሽ ይበቅላል" እያለ ይስቅብኛል። ጨርቁ ጠባሳሽን ከፈገፈገሽ ግን ደጋግመሽ እይው፣ ጨረር ያገኘው ቆዳ ስስ ነው።

እጄን ወደላይ ማንሳት ያቃተኝ ጊዜ ደግሞ ሶላት ነው የረዳኝ ወላሂ። ተክቢራ ስል ቀኝ እጄ ደረቴ ጋ ይቆም ነበር፣ በየሶላቱ ትንሽ ትንሽ ከፍ እያደረኩ ጆሮዬ ጋ እስኪደርስ። ከአጠገቤ አልጋ የነበረችው ክርስቲያን እህት ደግሞ በስግደት ነው የሰራችው፣ ስትነሳ በግድግዳ ጣቷን እያራመደች።

ፊዚዮ ነኝ ደሴ

እኔ ታካሚዎቼን በጣት ግድግዳ መውጣት ነው ማስተምረው፣ @እሙ ሀያት በቀን አምስት ጊዜ ስትሰሪው ከኔ ታካሚዎች ሁሉ ትበልጫለሽ።

ባለቤቷ ነኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የታመመችው ባለቤቴ ናት እኔ ግራ ገብቶኝ ነው የገባሁት። ህክምናዋን ከጨረሰች ወዲህ በር ዘግታ መዋል ሆነ። "ተነሺ እንውጣ ንፋስ ይንካሽ" እላታለሁ፣ አንዳንዴ ትቆጣለች አንዳንዴ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ዶክተሩ ሄዳ እንድትንቀሳቀስ ነግሮኛል፣ ስነግራት ደግሞ "አንተም እንደ ዶክተሩ ሆንክ" ትለኛለች። ምን ልበላት?

ጥቁር ሻይ

@ባለቤቷ ነኝ ወንድሜ፣ አትንገራት። ሲታከሙ መኖር ማለት ሌላ ሰው ሰውነትሽን "ተነሺ፣ ተኚ፣ ክንድሽን ስጪ" እያለ ሲያዝዘው መክረም ነው፣ አሁን ቤቷ ገብታ ደግሞ አንተ ስታዛት በቃ ይመራታል። ስለ ጤና ምንም ሳታነሳ ቲማቲም ለመግዛት አብረሽኝ ነይ በላት፣ ከመጣችም ቅርቡን ሱቅ ትተህ ራቅ ያለው ጋ ሂድ። እንቢ ካለች ብቻህን ሄደህ ተመለስ፣ አትከራከር። አብረሽ ስትሄጂ ደግሞ ሰው ፊት ለፊት ስላልሆነ ማውራት ይቀላል፣ ሳሎን ቁጭ ብሎ "ምን ሆነሽ ነው" ሲባል ሚጠፋው ወሬ መንገድ ላይ ራሱ ይመጣል። እና አስር ጊዜ "ደከመሽ? ደከመሽ?" እንዳትላት።

ቦርከና ማዶ

የመጨረሻዋ 👏 እኔ ባሌ እንደዛ ሲለኝ ሳይደክመኝ ይደክመኛል

ኤፍሬም ነኝ አይባልም

እኔ ምለው፣ የሆነ ቪዲዮ ላይ ስፖርት ካንሰር እንዳይመለስ ያደርጋል ሲል ሰማሁ። ታዲያ ሚመለስባቸው ሰዎች ስፖርት ስላልሰሩ ነው ማለት ነው? እህቴ ተመልሶባት ነው ምጠይቀው።

ጋሼ ከኮምቦልቻ

ልጄ ጥናቱን አንብባ ነግራኛለች ስለ አንጀት ስለሆነ በደንብ ነው የያዝኩት። በ2025 በፈረንጅ የወጣ ነው፣ ካናዳና አውስትራሊያ ላይ በብዛት፣ 889 ሰው፣ የአንጀት ካንሰር ቀዶ ጥገናም ኬሞም የጨረሱ። ግማሹ ለ3 ዓመት አሰልጣኝ እየተከታተለው እንቅስቃሴ ሲሰራ ሌላው ግማሽ ስለ ጤና መፅሄት ብቻ ተሰጠው። በ8 ዓመት ከሰሩት ከመቶ 90ው፣ ካልሰሩት ከመቶ 83ቱ በህይወት ነበሩ። ጥሩ ነው፣ እኔም ስሰማ ጫማዬን ነው የፈለኩት። የጡንቻና የመገጣጠሚያ ህመም ደግሞ ሚሰሩት ላይ በዝቷል፣ እሱም ተፅፏል፣ ጉልበቴ ምስክር ነው።

ፊዚዮ ነኝ ደሴ

ጋሼ ቁጥሩን በትክክል ነው ያስቀመጡት። @ኤፍሬም ነኝ አይባልም አሁን ያንተን ልመልስ፣ እህትህ ይሄን ብታነብም ደስ ይለኛል። አይደለም። ከሰሩትም ውስጥ ተመልሶባቸው የሞቱ አሉ፣ ካልሰሩት ደግሞ አብዛኞቹ በህይወት አሉ። ጥናቱ ስለ አንድ አይነት ካንሰር ነው፣ ደረጃውም የተወሰነ ነው፣ ለሁሉም ካንሰር እንደዛ ነው ማለት አይቻልም። ካንሰር ሚመለሰው ከህክምና የተረፉ ህዋሳት ስላሉ ነው፣ አንድ ሰው ሶፋ ላይ ስለተቀመጠ የተሰጠ ቅጣት አይደለም። ይሄን ምለው እንቅስቃሴን ስለማጣጥል አይደለም ስራዬ ነው፣ ግን አንዳንድ ታካሚ አንድ ቀን ሳይወጣ ሲቀር "ገደልኩት ራሴን" ብሎ ሌሊቱን ሲጨነቅ አይቻለሁ። ለጭንቀት የታዘዘ ነገር ጭንቀት ከሆነ ምኑን ታዘዘ?

ካንሰሯ ወደ አጥንት ሄዶ ከሆነ ግን አጥንት ሊሰበር ስለሚችል ምን አይነት እንቅስቃሴ እንደምትሰራ ከሐኪሟ ጋ ሳትነጋገር አትጀምር። እግር ሚያደነዝዝ ኬሞ የወሰዱም ድንጋያማ መንገድ ላይ ይጠንቀቁ።

ኤፍሬም ነኝ አይባልም

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ራሷን ስትወቅስ ነበር አሁን አነበብኩላት። አልቅሳ "በል ቡና አፍላልኝ" አለችኝ።

የሰኞ ገበያዋ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ እያነበብኩ ማታ ሁሉ አለቀስኩም ሳቅሁም፣ የምስሩ ነገር ገደለኝ @እሙ ሀያት። እጄን አስለካሁ፣ ትንሽ ልዩነት አለ ግን ብዙ አይደለም አሉኝ፣ ክትትል ነው። ቀዩን ኬሞ ወስጃለሁ፣ የልብ አልትራሳውንድ አሰርተውኝ ደህና ነው ተብያለሁ። ደም ማነስ ግን አለብኝ፣ ኪኒን ተሰጠኝ፣ ዳገቱ ለዛ ነው መሰል ያስፈራኝ።

አሁን ምወጣው ጠዋት ሳይሆን ከአስር ሰዓት በኋላ ነው፣ ጠዋትማ ጉሙ ውስጥ ጅብም ሊኖር ይችላል የኛን ሰፈር ምታውቁ ታውቁታላችሁ። አንዳንዱ ቀን ጥሩ ነው። አንዳንዱ ቀን እስከ ሱቁ ደርሼ ያ ሰሞኑን ሚመጣው ነገር ይመጣና እየተራመድኩ አለቅሳለሁ፣ ሻሼን ወደፊት ሳብ አድርጌ። ሚገርመው ቤት ሆኜ ሳለቅስ ግማሽ ቀን ይወስድብኛል፣ እየሄድኩ ሲሆን እስከ መስጊዱ ያልቃል። እናቴ ግን አሁንም በር ላይ ቆማ "ይቺ ልጅ ራሷን ልታጠፋ ነው" ትላለች። በቀደም ሳትነግረኝ ተከተለችኝ፣ ዞር ስል ኩርፍ ብላ በላስቲክ ጫማዋ ከኋላዬ። አብረን ሄድን፣ እሷ ናት የደከማት።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ ቀጠሮዬ ሲቃረብ ሁሉም ነገር ይመለሳል። ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት እግሬም አይታዘዘኝም። ይሄ ነገር ይለቃል?

ጋሼ ከኮምቦልቻ

እኔ ላይ አለቀቀም ልጄ። ውጤት ከመቀበሌ በፊት ሌሊቱን ቤቱ ውስጥ ነው ምዞረው። አሁን ልማድ ያደረኩት አዲስ አበባ ስሄድ ወረፋዬን ካስያዝኩ በኋላ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አልቀመጥም፣ እዛ ከተቀመጥኩ ከግራም ከቀኝም የሰው በሽታ ነው ምሰማው። ግቢውን ዙሬ እመለሳለሁ፣ ጥበቃው አውቆኛል "ጋሼ ዛሬም ሩጫ አለ?" ይለኛል። ፍርሃቱ አይጠፋም ግን እግሬ ስራ ይዟል።

ጥቁር ሻይ

ያ ሳምንት ሲደርስ ለአንድ ሰው አስቀድመሽ ንገሪ። እኔ ለጎረቤቴ ነው ምናገረው፣ ያን ሰሞን ቡና ስታፈላ ሳትጠራኝ አታልፍም፣ ስለ ውጤቱም አታነሳብኝም። አቦል ቶና በረካ ጨርሼ ነው ምነሳው።

እሙ ሀያት

ፆም ላይ ያላችሁስ እንዴት ነው ምታደርጉት? እኔ ረመዳን ላይ ሐኪሜ ፍቀድልኝ ብዬ ነው የፆምኩት፣ ከተራዊህ በፊት ቀስ ብዬ ነበር ምራመደው ቀን ላይ አልችልም።

ፊዚዮ ነኝ ደሴ

ቀን ፀሀይ ላይ ውሃ ሳይጠጡ መራመድ ለማንም አልመክርም፣ ካፈጠሩ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ጥሩ ነው። የአብይ ፆም ላይ ያላችሁ ደግሞ ሽሮውና ምስሩ ይብዛ፣ ጡንቻ ሚሰራበት ፕሮቲን ይፈልጋል። ህክምና ላይ ያለ ሰው መፆሙን ራሱ ከሐኪሙም ከሃይማኖት አባቱም ጋ ይነጋገር።

ቦርከና ማዶ

እኔ ምላችሁ፣ እዚህ ያለነው ደሴና ኮምቦልቻ ከሆንን ለምን አንድ ቅዳሜ አንገናኝም? ደሴ ውስጥ ደልዳላ ቦታ ፍለጋ ከምንሰቃይ ቦሩ ሜዳ እንሂድ፣ ሜዳ ነው፣ ንፋሱም ጥሩ ነው፣ የደከመው ይቀመጣል።

ጋሼ ከኮምቦልቻ

አፄ ዮሐንስ በኛ አቆጣጠር በ1870 ሊቃውንቱን ሰብስበው ያከራከሩበት ሜዳ ነው፣ እኛም ምስር ይሻላል ሲሊኮን ብለን እንከራከርበታለን። ግን ከኔ ዘንድ የሀረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ፣ ከደሴ ደግሞ ሌላ ታክሲ ነው፣ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት መውጣት አለብኝ።

ጥቁር ሻይ

እመጣለሁ። አንድ ህግ ግን ይኑር፣ "ጠንካራ ነሽ" ያለ ሰው ምሳ ይጋብዛል።

ባለቤቷ ነኝ

ትናንት ቲማቲም ልትገዛ መጣች። ዋጋ ተከራክራ ሻጩን አሳረረችው፣ መንገድ ላይ ምንም አላወራንም፣ ቤት ስንደርስ ተመልሳ ተኛች። ቅዳሜን አልነገርኳትም ገና።

የሰኞ ገበያዋ

@እሙ ሀያት ልብስ ሰፊዋ የትኛው በኩል ናት ከመንገዱ በላይ ነው በታች? ከቅዳሜ በፊት ይደርስልኝ ይሆን?

እሙ ሀያት

በታች፣ ከእህል ተራው ጎን፣ ሰማያዊ በር። ነገ ከሰዓት ነይ እኔም ሌላ ላሰፋ ስለሆነ አብረን እንገባለን፣ ምስሩን ከቤት ይዘሽ ነይ እዛ ውድ ነው።